ማኅደሩ ሲጎብጥ፦ ስለ ሪል፣ ስለ ጥገናና ስለ አራት ፊልሞች

የብራና መጽሐፍ ባለበት ቤት ማኅደር አለ። ከቆዳ ተሰፍቶ፣ ማንገቻ ተበጅቶለት፣ መጽሐፉን በውስጡ ይዞ ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ከዘመን ብዛት ቆዳው ይደርቃል፤ ስፌቱ ይተረተራል፤ ማንገቻው ይበጠሳል። ያን ጊዜ ባለመጽሐፉ የሚጠገን ከሆነ ያስጠግነዋል፤ የማይጠገን ከሆነ አዲስ ያሰፋል። ማኅደሩ አረጀ ብሎ መጽሐፉን የሚጥል የለም። መጽሐፉን ጥሎ ባዶውን ማኅደር ለጌጥ የሚሰቅል ሰው ቢገኝ ደግሞ መሳቂያ ይሆናል።

ሲኒማም የራሱ ማኅደር አለው፤ ስሙ ሪል ነው። ሪል ማለት በመሀሉ እምብርት፣ በግራና በቀኙ ሁለት ክብ ጎኖች ያሉት፣ ፊልሙ የሚጠቀለልበት መንኮራኩር ነው። ከብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሚታይባቸው አዳራሾች የተለመደው ሪል 2000 ጫማ፣ ማለትም 610 ሜትር ያህል ፊልም ይይዛል። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ምስል እያሳየ ሲሮጥ ይህ ሁሉ ርዝመት በ22 ደቂቃ ያልቃል። በመሆኑም አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም አምስት ሪሎች ያስፈልጉታል። ኦፕሬተሩ በምስሉ ቀኝ የላይኛው ማዕዘን ብልጭ የምትለዋን ነጥብ ተመልክቶ ከአንደኛው ፕሮጀክተር ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። ኦፕሬተሩም የሚመሰገነው ባለመታወቁ ነው።

ሪልና ፊልም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ ቋንቋ ግን ያደባልቃቸዋል። በእንግሊዝኛ «ሪል» የሚለው ቃል አንዳንዴ መንኮራኩሩን፣ አንዳንዴም በላዩ የተጠቀለለውን ፊልም ይጠራል። በአማርኛም «ጥቅል» ስንል ጠቅላዩንና ተጠቅላዩን አንለይም። ይህ የቃል ድብልቅ ተራ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ስለ ሲኒማ ማለፍ በተሠሩ ፊልሞች ውስጥ፣ ከዚያም አልፎ ያረጁ ፊልሞችን በሚይዙ ሰዎችና ተቋማት ልማድ ውስጥ፣ ትልቅ ስሕተት ሆኖ ይገኛል። የሚተካው ነገር እንደ ቅርስ ይለቀስለታል፤ የማይተካው ነገር ሳይታይ ይጠፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከአራት ፊልሞች ጋር ይህን ስሕተት መመርመር ነው።

በቅድሚያ ስለ ራሱ ስለ ሪሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሪል የሚጎብጠው በብዙ ምክንያት ነው። ከመኪና ላይ ይወድቃል፤ በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ከባድ ዕቃ ይጫነዋል፤ ኦፕሬተሩ ቸኩሎ ከጠረጴዛ ጋር ያጋጨዋል። ፕላስቲክ ከሆነ የፀሐይ ሙቀት ብቻ ይበቃዋል። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሁለት በጋ የከረመ የፕላስቲክ ሪል እንደ ሰፌድ ተወላግዶ ሊገኝ ይችላል። ጉብጠቱ በዓይን ሲታይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ነገር ግን ሪሉ በዞረ ቁጥር ያ የጎበጠው ቦታ አንድ ጊዜ የፊልሙን ጠርዝ ይፍቃል። ከፕሮጀክተሩ የሚሰማው ችክ ችክ የሚል ወጥ ድምፅ የዚያ ፍቀት ድምፅ ነው።

ጠርዝ ማለት በፊልም ላይ ተራ ቦታ አይደለም። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሁለቱም ጠርዞች ፕሮጀክተሩ በጥርሱ እየያዘ የሚስባቸው ቀዳዳዎች ያሉባቸው ናቸው። በ16 ሚሊ ሜትር የድምፅ ፊልም ደግሞ ቀዳዳዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ተደርድረው፣ የድምፁ መስመር በሌላው ጠርዝ አጠገብ ይሄዳል። ስለዚህ የጎበጠ ሪል በዚያ ወገን ቢፍቅ ከምስሉ በፊት የሚጎዳው ድምፁ ነው። ፊት ይታያል፤ ንግግሩ ይሻክራል። ከዚህም ሌላ ወጣ ገባ ያለ ሪል ፊልሙን አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርጎ ስለሚጠቀልል፣ በላላው ቦታ ላይ ንብርብሩ እርስ በርሱ ይንሸራተትና በምስሉ ላይ እንደ ዝናብ የሚወርዱትን ጭረቶች ያተርፋል። ብዙ ተመልካች የዘመን ምልክት አድርጎ የሚወዳቸው ጭረቶች በከፊል የመጥፎ መንኮራኩርና የመጥፎ አጠቃለል ውጤቶች ናቸው።

ጥገናው ከባድ ጥበብ አይደለም፤ ሥርዓት ግን አለው። መጀመሪያ ፊልሙ ከጎበጠው ሪል ላይ በእጅ፣ በዝግታ ወደ ጤነኛ ሪል ይገለበጣል። ፊልም እንደተጠቀለለበት ሪል አይቃናም። ከዚያ ባዶው ሪል በመጠቅለያ ጠረጴዛ ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይሽከረከራል። እርሳስ ወይም ጠመኔ ከጠርዙ አጠገብ ይያዝና የሚነካው ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ጉብጠቱ ትንሽ ከሆነ በአውራ ጣት ቀስ በቀስ ይገፋል። ከፍ ካለ በለስላሳ ጣውላ ላይ ተኝቶ በእንጨት መዶሻ ይመታል። አሉሚኒየም ወዲያና ወዲህ በተጣመመ ቁጥር ስለሚዳከም፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሚቃና ሪል በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ጠርዙ ላይ የቀረ ሹል ነገር መኖሩን ለማወቅ የጥጥ ጨርቅ ይዞርበታል፤ ጨርቁን የሚይዝ ነገር ፊልሙንም ይይዛል።

የማይጠገን ሪል ደግሞ አለ። የመሀል ቀዳዳው ተበልቶ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተት፣ ዝገት ልጦት ቅርፊቱ የሚረግፍ፣ በሙቀት የተወላገደ የፕላስቲክ ሪል ይጣላል። እዚህ ላይ ኀዘን አያስፈልግም። ጥሩ ኦፕሬተር ከመጥፎው የሚለየው ሪልን በማቃናት ችሎታው ብቻ ሳይሆን የትኛውን ሪል መጣል እንዳለበት በማወቁም ጭምር ነው። የፊልም ማኅደሮች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ጥበቃ ሪልን አይፈልጉትም። ፊልሙን ጎን በሌለው የፕላስቲክ እምብርት ላይ ጠቅልለው፣ አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ በጀርባው አስተኝተው፣ በቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ያስቀምጡታል። ሪል ለጉዞና ለማሳያ ነው፤ መኖሪያ አይደለም።

ፊልሙ ራሱ ሲጎብጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት ለበርካታ አሠርት ዓመታት ያገለገለው የአሲቴት ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው መበስበስ ይጀምራል። ምልክቱ የኮምጣጤ ሽታ ነው። የሚወጣው አሲድ ራሱን መበስበሱን ስለሚያፋጥነው፣ አንዴ ከተጀመረ ማቀዝቀዝ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ፊልሙ ይኮማተራል፤ ይሞገዳል፤ ጥቅሉ ክብነቱን ትቶ ማዕዘን ማዕዘን ይሠራል። ከመቶ አንድ እጅ ያህል ከተኮማተረ ቀዳዳዎቹ ከፕሮጀክተሩ ጥርስ ጋር አይገጥሙም። ይህን የሚያቃና መዶሻ የለም። ያለው መፍትሔ ጊዜ ሳያልፍ መገልበጥ ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሁለት ጉብጠቶች አሉ፤ አንደኛው በአሥር ደቂቃ የሚስተካከል ወይም በሌላ ሪል የሚተካ፣ ሁለተኛው ፈጽሞ የማይመለስ። ስለ ሲኒማ የሚናገር ፊልም ሁለቱን ለይቶ ያያል ወይ የሚለው ጥያቄ የሂስ መለኪያ ሊሆን ይገባል።

ከሁሉ የታወቀው የጁሴፔ ቶርናቶሬ «ሲኒማ ፓራዲሶ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራ። በሲሲሊ መንደር የሚኖሩት ኦፕሬተር አልፍሬዶና ሕፃኑ ቶቶ በጠባቡ የማሳያ ክፍል ውስጥ ይወዳጃሉ። ቶርናቶሬ የዚያን ክፍል ሥራ ያውቃል። ፊልሙ ሲቀጠል፣ ሲቆረጥ፣ በሙቀት ሲቀጣጠል ያሳያል። በዚያ ዘመን የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚነድ በመሆኑ እሳቱ አልፍሬዶን ዓይነ ስውር ያደርጋቸዋል። አንድ ፊልም ለሁለት መንደር አዳራሾች በብስክሌት እየተመላለሰ የሚታይበት ትዕይንትም አለ። ተላላኪው ሲዘገይ ታዳሚው ይንጫጫል።

ይሁን እንጂ ቶርናቶሬ ከእጅ ሥራው ይልቅ ናፍቆቱን ይመርጣል። በፊልሙ መጨረሻ አዳራሹ በድማሚት ሲፈርስ የመንደሩ ሰዎች ቆመው ያለቅሳሉ፤ ተመልካቹም አብሮ ያለቅሳል። የፈረሰው ግንብ ነው። ከእርሱ ጋር ምን ፊልም ጠፋ? ምንስ ተረፈ? ፊልሙ ይህን አይጠይቅም። የሚያስገርመው ነገር መልሱን ራሱ መያዙ ነው። አልፍሬዶ ሳንሱር የቆረጣቸውን የመሳሳም ትዕይንቶች ቀጣጥለው ለቶቶ ትተውለት ያልፋሉ። ቶቶ አድጎ ሮም ውስጥ ሲያየው የዳነው ያ ቁራጭ ብቻ ነው። ሽማግሌው ያስቀሩት ፊልሙን እንጂ አዳራሹን አይደለም። ቶርናቶሬ ይህን እንደ ስጦታ እንጂ እንደ ሙያ ትምህርት ስላላየው ዕንባው ሁለቱን እኩል ያጥባቸዋል።

የብስክሌቱ ነገር ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪዋ ሎራ ፌር እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው፣ ስለ ታንዛኒያ ሲኒማ ቤቶችና ተመልካቾች በጻፉት «ሪል ፕሌዠርስ» በተሰኘ መጽሐፋቸው፣ በዛንዚባርና በዳሬሰላም አንድ የፊልም ቅጂ በአንድ ምሽት በተለያዩ አዳራሾች ይታይ እንደነበር ይተርካሉ። የመጀመሪያው አዳራሽ አንደኛውን ሪል እንደጨረሰ ወጣት ተላላኪ ይዞት ወደ ሁለተኛው ይበርራል። ተመልካቹ የሕንድ ፊልም ዘፈን እየጠበቀ ሳለ የዘፈኑ ሪል ገና በከተማው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ አኗኗር ሪል ሳይጎብጥ አይቀርም። መጎበጡም የመወደዱ ምልክት ነበር። የሚያቃናው ኦፕሬተር ግን በታሪክ መጻሕፍት ገጽ ላይ ስሙ እምብዛም አይገኝም።

ይህን ዝምታ ከሞላ ጎደል የሰበረው እ.ኤ.አ. በ2016 በካን ፌስቲቫል የታየው የሕንድ ዘጋቢ ፊልም «ዘ ሲኒማ ትራቨለርስ» ነው። ዳይሬክተሮቹ ሸርሊ አብርሃምና አሚት ማደሺያ በማሃራሽትራ ግዛት በጭነት መኪና ድንኳንና ፕሮጀክተር ጭነው ከበዓል ወደ በዓል የሚዞሩትን ተጓዥ ሲኒማ ቤቶች ለበርካታ ዓመታት ተከታትለዋል። ካን ላይም በዘጋቢ ፊልም ሽልማት ልዩ ተጠቃሽ ሆኗል። በዚህ ፊልም ውስጥ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ሳይሆን ዘይት፣ ዝገትና ላብ አለ። ማሽኑ ይቆማል፤ ሕዝቡ ከድንኳኑ ውጭ ይጠብቃል፤ ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ይታገላሉ።

የፊልሙ ልብ ፕራካሽ የተባሉት የፕሮጀክተር ጠጋኝ ናቸው። በጠባብ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ያረጁ ማሽኖችን ይፈታሉ፤ ያጥባሉ፤ ይገጥማሉ። ከዚያም አልፈው የራሳቸውን ፕሮጀክተር ፈልስፈዋል። ስለ ማሽኑ ሲያስረዱ ፊታቸው የሚያበራው ስለ ትዝታ የሚናገር ሰው ፊት ስለሆነ አይደለም። ስለሚያውቁት ነገር የሚናገር ሰው ፊት ነው። ካሜራውም ጣታቸውን ከፊታቸው እኩል ያከብረዋል። ይህ ከ«ሲኒማ ፓራዲሶ» የሚለየው ትልቁ ነጥብ ነው። ቶርናቶሬ ኦፕሬተሩን እንደ አባት አየ፤ አብርሃምና ማደሺያ ጠጋኙን እንደ ባለሙያ አዩ።

ሆኖም ይህም ፊልም ያለ ጉድለት አይደለም። የፕራካሽ ፈጠራ የመጣው ዓለም ፊቱን ወደ ዲጂታል ባዞረበት ሰዓት ስለሆነ፣ ፊልሙ ሰውዬውን የመጨረሻው ብቸኛ ጠቢብ አድርጎ የመሳል ፈተና ላይ ይወድቃል። ሙያ ከአንድ ሰው ጋር የሚቀበር ምሥጢር ተደርጎ ሲሳል ያምራል። ነገር ግን ከላይ እንደተገለጸው፣ ቢያንስ የሪል ጥገና ምሥጢር አይደለም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማሩት የሚቻል ነው። የጠፋው ዕውቀቱ ሳይሆን ጠያቂው ነው። «ማን ተማረው?» የሚል አንድ ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የተመልካቹ ኀዘን ወደ ኀላፊነት በተቀየረ ነበር።

ሦስተኛው ፊልም የፓን ናሊን «ቼሎ ሾ» ነው፤ በጉጅራትኛ የመጨረሻው ትዕይንት ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ቀርቧል። ሰማይ የተባለ የመንደር ልጅ እናቱ የሠሩለትን ምሳ ለኦፕሬተሩ ለፋዛል እየሰጠ ከማሳያው ክፍል ሆኖ ፊልም ያያል። ከጓደኞቹ ጋርም ሪል እየሰረቀ፣ ከወዳደቀ ዕቃ የራሱን ማሳያ ይሠራል። ከአራቱ ፊልሞች ሁሉ ልጆች ብርሃን፣ መነጽርና ፊልም ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር በእጃቸው ሲደርሱበት የሚያሳየው ይህ ብቻ ነው። ስርቆቱ ስርቆት ነው፤ ትምህርቱ ግን እውነተኛ ትምህርት ነው።

ከዚያ ዲጂታል ይመጣል፤ ፕሮጀክተሩ ይነቀላል። ልጁ ተከታትሎት ይሄዳል። ብረቱ ቀልጦ ማንኪያ ይሆናል። የፊልሙ ጥቅሎችም ቀልጠው የሴቶች አምባር ይሆናሉ። ናሊን ይህን ረጅም ትዕይንት በታላቅ ውበት ቀርጾታል፤ በመጨረሻም ልጁ በባቡር ውስጥ የሴቶቹን አምባሮች እያየ የታላላቅ ዳይሬክተሮችን ስም ሲጠራ መጽናኛ ይሆናል። ሲኒማ አልሞተም፤ በሴቶች ክንድ ላይ ያብለጨልጫል፤ መልእክቱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ መስማማት ያስቸግራል። ፕሮጀክተሩ ማንኪያ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሌላ ፕሮጀክተር ሊገኝ ይችላል። ሪሉም ማንኪያ ቢሆን ግድ የለም። ፊልሙ አምባር ሲሆን ግን የሚቀልጠው ምናልባት ሌላ ቅጂ የሌለው ሥራ ነው። ናሊን ማንኪያውንና አምባሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንድ ዓይነት ዜማ ሲያሳየን፣ ማኅደሩንና መጽሐፉን በአንድ እሳት ውስጥ ጥሎ «ሁለቱም ብርሃን ሆኑ» እንደማለት ነው። ውበቱ ያታልላል። መጽናናት ያለብን ከሆነ መጀመሪያ ምን እንዳጣን በትክክል ልናውቅ ይገባል።

አራተኛው ለአካባቢያችን ቅርብ የሆነው፣ የሱዳናዊው ሱሐይብ ጋስመልባሪ «ስለ ዛፎች ማውራት» ነው። ርዕሱ ከጀርመናዊው በርቶልት ብሬሽት ግጥም የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ፌስቲቫል የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ሽልማትንና የፓኖራማ ክፍልን የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። ባለታሪኮቹ አራት አንጋፋ የፊልም ሰዎች ናቸው፦ ኢብራሂም ሸዳድ፣ ሱሌማን መሐመድ ኢብራሂም፣ አጥ ጠይብ መህዲና መናር አል ሒሎ። የሱዳን ፊልም ቡድን የተባለውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት ማኅበሩ ታገደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በኦምዱርማን የሚገኘውን «አብዮት» የተባለ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለአንድ ምሽት ለመክፈት ይነሣሉ።

ፊልሙ የሚጀምረው መብራት በጠፋበት ጨለማ ነው። ሽማግሌዎቹ በጨለማው ውስጥ ከአንድ የቆየ የሆሊውድ ፊልም ዝነኛ ትዕይንት እየቀለዱ ይጫወታሉ። ካሜራ የላቸውም፤ ካሜራ እንዳለ ይሆናሉ። መብራት የላቸውም፤ መብራት እንዳለ ይሆናሉ። በመኪና ወደ ገጠር ሄደው የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘመናዊ ጊዜያት» በተንቀሳቃሽ ማሳያ ለመንደርተኛው ያሳያሉ። የአዳራሹን አቧራ ይጠርጋሉ። ወጣቶችን ምን ፊልም ማየት እንደሚፈልጉ ይጠይቃሉ። ከዚያ የፈቃድ ደጅ ጥናት ይመጣል፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ፣ ከወረቀት ወደ ወረቀት። ፈቃዱ አይገኝም።

በዚህ ፊልም ውስጥ ለዕቃ የሚለቀስ ልቅሶ አለመኖሩ ልብ ሊባል ይገባል። እነዚህ ሰዎች ከማንም በላይ የማልቀስ መብት ነበራቸው። እነርሱ ግን በምን ማሽን እናሳይ ብለው አይጨነቁም፤ ባለው ያሳያሉ። ዲጂታልም ቢሆን፣ አንሶላም ቢሆን፣ ሰው ተሰብስቦ ፊልም እስካየ ድረስ ሲኒማ ነው። የሚጨነቁበት ሌላ ነገር ነው። ሱሌማን በሞስኮ ተማሪ ሳሉ የሠሩትን ፊልም ፍለጋ፣ በዛገ ሩሲያኛ ወደ ሩሲያ ስልክ ይደውላሉ። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳምም ትዕይንት የለም። አዳራሽ ይጠረጋል፤ ወንበር ይጠገናል፤ ማሽን ይለወጣል። አንድ ወጣት ሱዳናዊ በሰባዎቹ ዓመታት ያየው ዓለም ግን ያ ፊልም ከሌለ የለም። ጋስመልባሪ ማኅደሩንና መጽሐፉን የለየው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም ያለ አንዳች ስብከት።

ልዩነቱ የንድፈ ሐሳብ አለመሆኑን ቀጥሎ የመጣው ታሪክ አስመስክሯል። የቡድኑ አባላት የቆዩ ሥራዎች በበርሊን በሚገኘው አርሰናል የፊልም ተቋም ዲጂታል ሆነው ስለታደሱ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይታያሉ። የኢብራሂም ሸዳድ «ግመል»፣ የአጥ ጠይብ መህዲ «ጣቢያው» ከጥፋት ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ ኦምዱርማንም የጦር ሜዳ ስትሆን፣ ቅጂው ቀድሞ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ፊልምና በአንድ ቤት ወይም በአንድ መጋዘን ውስጥ ብቻ የነበረ ፊልም ዕጣቸው አንድ ሊሆን አይችልም። በሰላሙ ጊዜ «ኋላ ይደረሳል» ተብሎ የተተወ ሣጥን በጦርነት ጊዜ የሚደርስለት የለም።

የኢትዮጵያም ምሳሌ ይኸው ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። በማርቲን ስኮርሴሲ በተመሠረተው የፊልም ፋውንዴሽን የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት ሥራዎች መካከል ተካትቶ በጣሊያን ቦሎኛ ታድሷል። ስለዚህ በአሁኑ ዘመን የተወለደ ተመልካች የዚያን ገበሬ ቤተሰብ ፊት አጥርቶ ሊያይ ችሏል። በአንጻሩ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተስፋፋው የአማርኛ ፊልም በአብዛኛው በቪዲዮና በዲጂታል የተሠራ በመሆኑ፣ አዲሱ ትውልድ ሪልን የሚያውቀው በካፌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው።

ይህ የካፌ ሪል የዘመኑን ስሕተት በአንድ ዕይታ ያሳያል። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ፣ ከአሥመራ እስከ ዋሽንግተን ያረጀ ፕሮጀክተር በመግቢያ አዳራሽ፣ ባዶ ሪል በግድግዳ ላይ ማየት ተለምዷል። በዚህ ክፉ ነገር የለም። አሥመራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራው ሲኒማ ሮማ የቆየ ፕሮጀክተሩን ለእንግዳ ማሳየቱ የከተማዋን ታሪክ ማክበር ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያ ሪል ከግድግዳው ላይ ከመሰቀሉ በፊት በላዩ የነበረው ፊልም የት ገባ? ማኅደሩ ተሰቅሎ መጽሐፉ የጠፋ ከሆነ ጌጡ መታሰቢያ ሳይሆን ማስረጃ ነው።

ሌላው ስሕተት በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል፤ «ዲጂታል አድርገነዋልና ፊልሙ አያስፈልግም» የሚለው ነው። ይህ የፎቶ ኮፒ ካነሡ በኋላ ብራናውን እንደመጣል ይቆጠራል። የዲጂታል ፋይል በየጥቂት ዓመቱ ካልተገለበጠና ካልተፈተሸ ከነጭራሹ የማይከፈት ይሆናል። በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ በወጉ የተቀመጠ ፊልም ግን ብዙ አሠርት ዓመታት ይቆያል፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣም እንደገና ሊገለበጥ ይችላል። የጃፓኑ ፉጂፊልም የሲኒማ ፊልም ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2013 ማቆሙ የሚታወስ ነው። ይህ የሚያስተምረው ያለውን መጣል ሳይሆን ያለውን መጠንቀቅ ነው። ዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ ምስሎች እንዲጠበቁ የሚያሳስበውን ውሳኔ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 27 ቀን 1980 ቤልግሬድ ላይ ያጸደቀው፣ ዕለቱም በየዓመቱ የኦዲዮቪዥዋል ቅርስ ቀን ሆኖ የሚከበረው፣ አዳራሽና ማሽን እንዲታወሱ ሳይሆን ምስሎቹ እንዲቆዩ ነው።

እንግዲህ አራቱ ፊልሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደረጃቸው ከዕንባቸው መጠን ጋር አይሄድም። «ሲኒማ ፓራዲሶ» ይበልጥ ያስለቅሳል፤ «ቼሎ ሾ» ይበልጥ ያማልላል። «ዘ ሲኒማ ትራቨለርስ» ግን እጅ የሚሠራውን ያስተምራል፤ «ስለ ዛፎች ማውራት» ደግሞ ምኑ ቢጠፋ ሁሉ እንደሚጠፋ ያሳውቃል። ሁለተኛዎቹን ሁለት ፊልሞች አይቶ የተነሣ ሰው ቤቱ ወይም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የቆርቆሮ ሣጥን መኖሩን ቢያስታውስ ፊልሞቹ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው።

ያ ሣጥን ሲከፈት መጀመሪያ ይሸተታል። የኮምጣጤ ሽታ ካለው ከሌሎቹ ይለያል፤ ወደ ፕሮጀክተር ሳይሆን ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ሽታ ከሌለው ሪሉ ይታያል። ጎብጦ ከሆነ ፊልሙ በእጅ፣ ጠርዙ ሳይፋቅ፣ ያለ ችኮላ ወደ ደኅና ሪል ይገለበጣል። በአዳራሽ በ22 ደቂቃ የሚያልፈው ርዝመት በእጅ ሲጠቀለል ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የጎበጠው ሪል ከዚያ በኋላ ይቃና፣ ይጣል፣ ወይም ካፌ ይሰቀል፤ ለውጥ አያመጣም።